ውሽንፍርና በረዶ ማሳን፣ ደንንና መንደርን ምን ያህል ጎዳ? ከወሎ ሰው ለወሎ ሰው የተጻፈ የጥናት መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ የአጎቴ ጤፍ ላይ በረዶ ወረደ። ሃያ ደቂቃ ቢዘንብ ነው። እኔ ከደሴ የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነበር። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። አጎቴ ማሳው ዳር ቆመው ትንሽ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ «ልጄ፣ አሁን የምታነሳው የተኛውን ነው። የቆመውን መቼ አየኸው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ማሳው ከበረዶው በፊት ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ አንድ ቁጥር፣ አንድ ፎቶ በእጄ የለም። በዚያው ሳምንት ጉዳት ሊመዘግቡ የመጡ ሰዎች መንገድ ዳር ሆነው አይተው «መቶ በመቶ ወድሟል» ብለው ጽፈው ሄዱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ከታች ጥግ ያለው ጤፍ ቀና አለ። ኅዳር ላይ አጎቴ ከዚያ ማሳ እህል አስገቡ። ከሌላው ጊዜ ያነሰ ነው፤ ባዶ ግን አልነበረም። ምን ያህል አነሰ? እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። የልማት ሠራተኛ ብትሆኑ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብትሆኑ፣ የገጠር መምህር ብትሆኑ፣ በቀበሌያችሁ የሚወርደው ውሽንፍር፣ በረዶና ደራሽ ጎርፍ ምን እንደሚያደርግ በራሳችሁ ማጥናት ትችላላችሁ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቀድሞ መጀመርና ተመልሶ መሄድ ነው።

ሃሪኬን እኛን ምን አገባው?

ወሎ ባሕር የላትም፣ ሃሪኬንም አይመታትም። ግን አውሎ ነፋስ ማሳን፣ ደንንና የገጠር ኑሮን እንዴት እንደሚጎዳ ዓለም በደንብ የተማረው ከሃሪኬን ነው፤ በተለይም ከካሪቢያን ደሴቶች። ስለዚህ ዘዴውን ከእነሱ እንቅዳ።

ሃሪኬን፣ ሳይክሎንና ታይፉን አንድ ነገር ናቸው፤ ባሕር ላይ የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ። አትላንቲክ ላይ ሲነሳ ሃሪኬን፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሳይክሎን፣ ምዕራብ ፓስፊክ ላይ ታይፉን ይባላል። ሞቃት ባሕር ይፈልጋል፤ ውኃው 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ መሞቅ አለበት። የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሃሪኬን የሚለውን ስም ያገኛል።

ከእኛ ደጋ ጋርም ዝምድና አለው። ብዙዎቹ የአትላንቲክ ሃሪኬኖች የሚጀምሩት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አፍሪካን አቋርጦ ከሚሄድ የአየር ሞገድ ነው። በ1992 ዓ.ም. ክረምት የተነሳውን አልቤርቶ የተባለ ሃሪኬን ተመራማሪዎች ወደ ኋላ ሲከታተሉት፣ መነሻው በኢትዮጵያ ደጋ ላይ የተከማቸ የነጎድጓድ ደመና ሆኖ አግኝተውታል። ክረምት ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም ይህን አስባለሁ።

በሌላ በኩልም ደርሶብናል። በግንቦት 2010 መኩኑ፣ በጥቅምት 2011 ደግሞ ሉባን የሚባሉ ሳይክሎኖች ኦማንና የመንን መቱ። ዝናቡ የዓረቢያን በረሃ አረጠበው፤ የበረሃ አንበጣ እዚያ ተራባ። መንጋው የመንን አልፎ ወደ እኛ ተሻገረ። በ2012 እና በ2013 መኸር ከራያ እስከ ቃሉ ጤፍና ማሽላ ላይ ያረፈውን አንበጣ የማያስታውስ የወሎ ገበሬ የለም። ቆርቆሮ እየደበደበ ያባረረ ልጅ ሁሉ የእነዚያን ሳይክሎኖች ጉዳት በዓይኑ አይቷል።

ደረጃ 1፦ ጥያቄያችሁን አጥብቡ

«የአየር ንብረት ለውጥ በወሎ» የሚል ጥናት አትጀምሩ። አንድ ቀበሌ፣ አንድ ዓይነት አደጋ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሰብል ይበቃል። ለምሳሌ፦ «በኩታበር አንድ ቀበሌ የመስከረም በረዶ ገብስና ባቄላን ምን ያህል ይቀንሳል? ገበሬው ለመልሶ መቋቋም ስንት ወር ይፈጅበታል?» በቃ። ይህን ከመለሳችሁ ትልቅ ሥራ ነው።

ደረጃ 2፦ ሳይመጣ ቁጠሩ

የመመሪያው ልብ ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ።

የካሪቢያን ደሴት በሆነችው ፖርቶ ሪኮ ውስጥ ሉኪዮ የሚባል ተራራማ ደን አለ። መስከረም 8 ቀን 1982 ዓ.ም. ሁጎ የተባለው ሃሪኬን መታው። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች 16 ሔክታር ደን ለዩና፣ ግንዱ 1 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የወፈረውን እያንዳንዱን ዛፍ ቁጥር ሰጡት። በየጥቂት ዓመቱ እየተመለሱ ይቆጥራሉ። መስከረም 10 ቀን 2010 ዓ.ም. ማሪያ የተባለችው ሃሪኬን በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር በሚሆን ነፋስ ደሴቲቱን ስትመታ፣ የትኛው ዛፍ የት እንደቆመ ያውቁ ነበር። ስለዚህ መልሱን በግምት ሳይሆን በቆጠራ ሰጡ፦ ማሪያ የገደለቻቸው ዛፎች ሁጎ ከገደላቸው ሁለት እጥፍ፣ ግንዳቸው የተሰበረው ደግሞ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኑ። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ ሁለቱንም «ከባድ ነበሩ» ከማለት ሌላ የሚሉት አይኖርም ነበር።

እናንተም እንዲህ አድርጉ።

ከቀበሌው ስድስት ወይም ስምንት ማሳ ምረጡ። ከባለቤቶቹ ጋር ተስማሙ። በየማሳው አንድ የማይንቀሳቀስ ምልክት ፈልጉ፦ ትልቅ ድንጋይ፣ የቆየ ግራር፣ የእርከን ጥግ። ከዚያ ቆማችሁ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በወር ሁለት ጊዜ ፎቶ አንሱ። ስልካችሁ ላይ ያለው ኮምፓስ ስንት ዲግሪ እንደሚያሳይ ጻፉ። ሰው ሲቀየር ፎቶው እንዳይቀየር ነው።

የሰብሉን ዕድሜም መዝግቡ። የተዘራበት ቀን፣ የበቀለበት፣ ያበበበት፣ ያሸተበት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። በረዶ ሲመጣ ግን ዋናው ጥያቄ «ሰብሉ የት ደርሶ ነበር?» የሚለው ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። «የደህና ዓመት» ምርት ስንት እንደሆነ ስትጠይቁ፣ 2013ን እና 2014ን እንደ መነሻ አትውሰዱ። በ2013 አንበጣ፣ በ2014 ጦርነት የብዙ ቀበሌ መኸር ተበላሽቷል። ገበሬው ራሱ «እሱን ዓመት አትቁጠረው» ይላችኋል። ስሙት።

ደረጃ 3፦ ዝናቡን፣ በረዶውን፣ ነፋሱን ለኩ

ኮምቦልቻ ያለው የሜትሮሎጂ ጣቢያ የመዘገበው ዝናብ የእናንተ ተራራ ላይ የዘነበው ላይሆን ይችላል። በወሎ አንዱ ሸንተረር ሲቀጠቀጥ ማዶው ፀሐይ ነው። ስለዚህ የራሳችሁ መለኪያ ይኑራችሁ።

ለዝናብ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ከላይም ከታችም እኩል የሚሰፋ ጣሳ ውሰዱ። የወተት ዱቄት ጣሳ ጥሩ ነው። ከቤትና ከዛፍ ራቅ አድርጋችሁ፣ ጭቃ እንዳይፈነጠርበት ከፍ ካለ ግንድ ላይ እሰሩት። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በማስመሪያ ለኩ። ጣሳው ውስጥ ያለው 1 ሚሊ ሜትር ውኃ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ወረደ ማለት ነው። የሃይላንድ ፕላስቲክ ቆርጦ መጠቀምም ይቻላል፤ ግን ታቹ ስለሚጎረብጥ መጀመሪያ ጎኑ ቀጥ ማለት እስከሚጀምርበት ድረስ ውኃ ሙሉና ዜሮውን እዚያ ምልክት አድርጉበት።

ለበረዶ ደግሞ ቆንጆ ዘዴ አለ። ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም ውሰዱ። መጽሐፍ በሚያህል ቁረጡት። በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልላችሁ እንጨት ላይ በጠፍጣፋው ቸንክሩት። በረዶ ሲወርድ ፎይሉ ይሰረጉዳል። ጉድጓዶቹን ቁጠሩ፣ ስፋታቸውን ለኩ፣ ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ሌላ አገር ያሉ ተመራማሪዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። አጎቴ ቤት ጓሮ አንድ ተክዬ ነበር። በመጀመሪያው በረዶ ልጆቹ እየሮጡ ሄደው «አርባ ሦስት!» እያሉ ሲቆጥሩ ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ መቆጠሩን እኔ ማስታወስ አላስፈለገኝም።

የበረዶውን መጠን ለማስታወስ የምናውቀው ነገር ይበቃል፦ ሽምብራ ያህል፣ ባቄላ ያህል፣ የዶሮ እንቁላል ያህል። ጎኑ ሳንቲም አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱት፤ ቶሎ ይሟሟል።

ነፋስን በምልክቱ ገምቱ። ቀንበጥ እየተቀነጠሰ ከወደቀ በሰዓት ከ62 እስከ 74 ኪሎ ሜትር ነው። ዛፍ ከነሥሩ ከተነቀለ 90 ኪሎ ሜትር አካባቢ ደርሷል። ዛፉ ወደየት እንደወደቀም ጻፉ፤ ነፋሱ ከየት እንደመጣ ይናገራል። ግን መሬቱ በዝናብ ርሶ ከነበረ ዛፍ በትንሽ ነፋስም ይነቀላል፤ ይህንንም ማስታወሻ ላይ አስገቡ።

ደረጃ 4፦ ማሳውን ሦስት ጊዜ ጎብኙ

አንድ ጊዜ ሄዶ መፍረድ ትልቁ ስህተት ነው። አጎቴ ማሳ ላይ የሆነው ይህ ነው።

የመጀመሪያው ጉብኝት በሦስት ቀን ውስጥ ይሁን። አፈሩ ሳይደርቅ፣ ጎርፉ የሄደበት ፈለግ ሳይጠፋ።

ሁለተኛው ከሰባት እስከ አሥር ቀን በኋላ ነው። ለምን? ጤፍ፣ ገብስና ስንዴ ገና አገዳ ሳያወጡ የሚያድገው እምብርታቸው ከመሬት በታች ነው። ቅጠሉ ቢበጣጠስም ከታች ያድሳል። በመጀመሪያው ቀን ሞተ ያላችሁት በአሥረኛው ቀን አረንጓዴ ያወጣል። ካሸተ በኋላ የመጣ በረዶ ግን ሌላ ነው፤ ፍሬውን ያራግፈዋል፣ አገዳውን ይሰብረዋል፣ መመለስ የለም። ማሽላ ቅጠሉ እንደ ገመድ ተተልትሎ እምብርቱ ደህና ሊሆን ይችላል። አንዱን አገዳ በቢላ በቁመቱ ሰንጥቃችሁ እዩ፦ መሀሉ ነጭና ጠንካራ ከሆነ በሕይወት አለ፤ ቡናማና ሟሽሾ ከሆነ አልቋል።

ሦስተኛው ጉብኝት አጨዳ ላይ ነው። ይህን ብዙ ሰው ይተወዋል። ትክክለኛው ቁጥር ግን ያለው እዚህ ነው።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። አራት እንጨትና ሲባጎ ይዛችሁ 25 ሴንቲ ሜትር በ25 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሥሩ። ማሳው ውስጥ ዚግዛግ እየሄዳችሁ በየሃያ እርምጃው አኑሩት። ቦታ አትምረጡ። ዓይን ሁልጊዜ የከፋውን ወይም ያማረውን ይመርጣል፤ እግራችሁ የቆመበት ላይ አስቀምጡት። ውስጡ ስንት አገዳ ቆሟል፣ ስንት ተኝቷል፣ ስንት ተሰብሯል፤ ቁጠሩ። በ16 ስታባዙት በካሬ ሜትር ያለው ይወጣል። ቢያንስ ስምንት ቦታ ቁጠሩ።

ስንዴ ከሆነና ፍሬ ከረገፈ፣ መሬት ላይ ያለውን ፍሬ በዚያችው አራት ማዕዘን ውስጥ ልቀሙ። 100 ፍሬ ካገኛችሁ በካሬ ሜትር 1,600 ፍሬ ነው፤ ይህ ወደ 60 ግራም ይመዝናል፤ በሔክታር 6 ኩንታል ገደማ መሬት ላይ ቀረ ማለት ነው። መጀመሪያ ስሰማው እኔም ደነገጥኩ። እፍኝ የማትሞላ ፍሬ ስድስት ኩንታል!

አጨዳ ላይ ደግሞ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ከአምስት ቦታ እጨዱ፣ አድርቁ፣ ውቁ፣ መዝኑ። ከካሬ ሜትር የተገኘውን ግራም በ10 ስታካፍሉት በሔክታር ስንት ኩንታል እንደሆነ ታገኛላችሁ። 150 ግራም ከሆነ 15 ኩንታል ነው። ጥማድ ብለው የሚያስቡ ገበሬዎች ጋር ስትነጋገሩ በ4 አካፍሉት፤ ጥማድ ሩብ ሔክታር ገደማ ነውና። ያጨዳችሁትን እህል ለባለቤቱ መመለስ እንዳትረሱ።

አሁን ወደ ተዳፋቱ እንምጣ። በጥቅምት 1991 ዓ.ም. ሚች የተባለ ሃሪኬን መካከለኛ አሜሪካን ሲያጥለቀልቅ፣ የኒካራጓ፣ የሆንዱራስና የጓቲማላ ገበሬዎች ራሳቸው ጥናት አካሄዱ። ከ1,800 በላይ ማሳ ለኩ። ብልሃቱ ማጣመር ነበር፦ አፈሩን የሚንከባከብ ገበሬ ማሳና አጠገቡ ያለ የተለመደው ዓይነት ማሳ፣ በአንድ ቁልቁለት፣ በአንድ ዝናብ ሥር። እንክብካቤ የተደረገላቸው ማሳዎች ብዙ የላይ አፈር ይዘው፣ እርጥበት ጠብቀው ተገኙ።

ይህ ለወሎ የተሠራ ዘዴ ይመስላል። በእኛ ተራራ እርከን ያለውና የሌለው ማሳ ጎን ለጎን ናቸው። ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ምረጡ። ከዝናቡ በኋላ በዶማ ቆፍራችሁ ጥቁሩ የላይ አፈር ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ለኩ። አዲስ ቦረቦር ከተፈጠረ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ጥልቀቱን አባዙ። ያ ውጤት የሄደው አፈር መጠን ነው። እርከኑ ምንም ለውጥ ካላመጣም ያንኑ ጻፉ። ስንት ሰው በነፃ ጉልበቱ የካበው ድንጋይ ነው፤ እውነቱን ማወቅ ይገባዋል።

ደረጃ 5፦ ዛፎቹ

በወሎ ደን ማለት ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን አጸድ፣ የመስጊድና የመቃብር ቦታ ዛፍ፣ የባሕር ዛፍ ማሳ፣ እንደ የጎፍ ያለ የተጠበቀ ተራራ ነው። መጀመሪያ ፈቃድ። ቄሰ ገበዙን ወይም የመስጊዱን ሼህ ሳታናግሩ አንድ ዛፍ እንዳትነኩ። አስረዱ፣ ሚስማር መምታት ካልተፈቀደ ክር እሰሩ።

20 ሜትር በ20 ሜትር ቦታ ከልሉ። በደረት ከፍታ፣ ማለትም ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ፣ የግንዱን ዙሪያ በሜትር ለኩ። በ3.14 ስታካፍሉት ውፍረቱን ታገኛላችሁ። የለስላሳ ጣሳ ቆርጣችሁ ቁጥር ጻፉበትና አንጠልጥሉት። ስሙን ገበሬው በሚጠራው ስም ጻፉ፦ ወይራ፣ ጽድ፣ ዋንዛ፣ ግራር፣ አስታ።

ከውሽንፍር በኋላ እያንዳንዱን ከአምስት በአንዱ መድቡት፦ ደህና፣ ቅጠሉ የረገፈ፣ ቅርንጫፉ የተገነጠለ፣ ግንዱ የተሰበረ፣ ከነሥሩ የተነቀለ። ልዩነቱ ትርጉም አለው። ቅጠሉ የረገፈ በሳምንታት ያለብሳል። የተነቀለ ግን ብርሃን ለመሬቱ ከፍቶ ይሄዳል። ፖርቶ ሪኮ ውስጥ በተከፈተው ቦታ ሴክሮፒያ የሚባል ፈጣን ዛፍ ይወርረዋል። የእኛን ክፍት ቦታ ማን እንደሚይዘው እዩ፤ ክትክታ ነው ወይስ የወይራ ችግኝ? በየዓመቱ ቁጠሩ። ፍየል ከገባ ደግሞ መልሱ ሌላ ነው።

ተንጠልጥሎ ከቀረ ቅርንጫፍ ሥር አትቁሙ። ይህን በቁም ነገር ነው የምላችሁ።

ደረጃ 6፦ መንደሩን ስሙ

የደሴት ነገር የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ከደሴ በኩታበር ወርዳችሁ፣ በሽሎን ተሻግራችሁ ደላንታ ስትወጡ፣ አምባው ዙሪያውን ገደል ነው። መንገዱ በናዳ ከተዘጋ ያ አምባ ደሴት ነው። ዘይት አይገባም፣ በሽተኛ አይወጣም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው፦ መንገዱ ስንት ቀን ተዘጋ? መብራትና ኔትወርክ ስንት ቀን ጠፋ? ወፍጮ ቤቱ መቼ ሥራ ጀመረ?

ማሪያ ፖርቶ ሪኮን ከመታች በኋላ መንግሥት የሞቱት 64 ናቸው ብሎ ነበር። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 2,975 ተስተካከለ። ከየት መጣ? ተመራማሪዎቹ ያለፉት ዓመታት በተመሳሳይ ወራት ስንት ሰው ይሞት እንደነበር አይተው ከዚያ ጋር አነጻጸሩ። ብዙው ሰው የሞተው በነፋሱ ቀን አልነበረም። መብራት ጠፍቶ፣ መንገድ ተቆርጦ፣ መድኃኒት አልቆ፣ ቀስ በቀስ ነው። ይህን ቁጥር ባሰብኩ ቁጥር በአንድ ቀን ጉብኝት የሚጻፍ ሪፖርት ያስፈራኛል።

እኛ ጋ ጥሩ መዝገብ አለ፤ ቅሬ (ዕድር)። የቅሬውን ዳኛ አክብራችሁ ጠይቁ። ስንት ቤተሰብ መዋጮ አቃተው? ስንት ሰው ለሥራ ወጣ? ለማን ጅጌ ተወጣለት? የገበያውን ዋጋም በየሳምንቱ ጻፉ፦ ጤፍ፣ ባቄላ፣ በግ። ከውሽንፍር በኋላ የበግ ዋጋ ሲወርድ፣ የእህል ሲወጣ፣ ሰው ለመብላት እየሸጠ መሆኑን ያሳያል።

አጠያየቅ ላይ ጊዜ ውሰዱ። «ምን አጣችሁ?» ካላችሁ መልሱ «ሁሉንም» ነው። ጥፋቱ የመላሹ አይደለም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ የመጣ ሰው እርዳታ የሚመዘግብ ይመስላል። ስለዚህ ገና ስትገቡ «እኔ እርዳታ አላመጣም፣ ስምም አልጽፍም» ብላችሁ ንገሩ። ሁለት ጊዜ ንገሩ። ከዚያ ስለሚታወስ ነገር ጠይቁ፦ «ዘንድሮ መጀመሪያ የሸጣችሁት እንስሳ የቱ ነው? በየትኛው ወር?» «ባለፈው ዓመት በዚህ ጊዜ ጎተራው የት ድረስ ነበር?» እጃቸውን ዘርግተው ያሳዩዋችኋል። በእጃቸው ያሳዩትን በሜትር ለኩ።

ሴቶችን ለብቻ አናግሩ። ቡና ላይ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አቦሉ ላይ አትቸኩሉ፣ ወሬው የሚበስለው ቶና ላይ ነው። አንዲት እናት በረካው ላይ እንዲህ አሉኝ፦ «ሁሉም ስለ ጤፉ ጠየቀኝ። ጤፉ የባለቤቴ ነው። ጎመኔን፣ ቃሪያዬን፣ ሰባት ጫጩቴን በረዶ ፈጀብኝ። እሱን የጻፈ የለም።» ደብተሬን ገለጥኩ። እውነትም ለጓሮ የሚሆን አምድ አልነበረኝም። ያን ዕለት ማታ ቅጹን ቀየርኩት። እናንተ ከመጀመሪያው አስገቡት፦ ጓሮ፣ ዶሮ፣ ቀፎ፣ የተበሳ ቆርቆሮ፣ የረጠበ ማገዶ።

እዚያው ቤት ከሦስት ወር፣ ከስድስት ወር፣ ከዓመት በኋላ ተመለሱ። «አብሽሩ» ብሎ መሄድ ብቻ አይበቃም።

ደረጃ 7፦ ከሰማይም እዩ

ኢንተርኔት ካላችሁ ሴንቲነል 2 የተባለው ሳተላይት በየአምስት ቀኑ ገደማ የሚያነሳው ምስል በነፃ ይገኛል። አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት፤ ጥማድ ማሳ ይታይበታል። ችግሩ ክረምት ላይ ደመና ነው። ያን ጊዜ ሴንቲነል 1ን ተጠቀሙ፤ ራዳር ስለሆነ ደመና አያግደውም። ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ዝናብ ለማየት ደግሞ ቺርፕስ የተባለ መረጃ አለ። ግን እሱ ሰፊ ቦታን አማክሎ ነው የሚያሳየው፤ በረዶን አያይም። ከጣሳችሁ ጋር ሲለያይ ጣሳውን እመኑ።

ደረጃ 8፦ ውጤቱን መልሱ

ውጤቱን መጀመሪያ የሚያየው ማሳውን የሰጣችሁ ሰው ይሁን። ወሎ ዩኒቨርሲቲም፣ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም፣ ወረዳውም ከዚያ በኋላ ይደርሳቸዋል።

ቅሬው የሚሰበሰብበትን ቀን ጠብቁ። ትልቅ ወረቀት ላይ በመስመር ሳይሆን በሥዕል ሥሩት፦ አንድ ኩንታል አንድ ጆንያ። በግራ እርከን ያለው፣ በቀኝ የሌለው። ከበረዶ በፊት የተነሳውን ፎቶ አትማችሁ ከኋለኛው ጎን ለጥፉ። ከዚያ ተቀመጡና ዝም በሉ። የሚያርሙት ነገር ይኖራል፦ «ይሄ ማሳ ዘግይቶ ነው የተዘራ»፣ «ይሄኛውን ውርጭ እንጂ በረዶ አልነካውም»። እርማቱን እዚያው ወረቀቱ ላይ በሌላ ቀለም ጻፉ።

አጎቴ ቤት የወሰድኩት ወረቀት አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። በቀይ እስክሪብቶ አምስት ቦታ ታርሟል። ዘንድሮ ሰኔ ላይ ስሄድ እሳቸው ቀድመው ጣሳውን ግንዱ ላይ አስረውት ነበር፣ ፎይሉንም ቀይረውታል። «የቆመውን አንሳ» አሉኝ፣ ማሳውን እያሳዩ።